ሽንኩርት፣ እንቁላልና ጎመን ካቆምኩ ሁለት ወር አለፈኝ፣ «የጂን ችግር አለብሽ» ተብዬ ነው፣ የሚያውቅ ይምከረኝ

የሙጋዷ፣ ደሴ

ሰላም ለሁላችሁም። ጽሑፌ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። 33 ዓመቴ ነው፣ ደሴ ነው የምኖረው፣ አስተማሪ ነኝ፣ የ5 ዓመት ልጅ አለችኝ። ከዓመት በላይ ድካም ያሰቃየኛል። ተኝቼ ስነሳ እንዳልተኛ ሰው ነኝ። ሆዴ ይነፋል፣ ከበላሁ በኋላ የሚወጣው ግሳት ደግሞ ልክ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ግን ሳልናገረው መልስ የማገኝ አይመስለኝም። አልፎ አልፎ የእግሬ ጣቶች ይደነዝዙኛል። አንድ ክሊኒክ ሄጄ «ጨጓራ ነው» ተብዬ ኦሜፕራዞል ተሰጠኝ፣ እሱን ስውጥ ይኸው ስምንት ወር ሆነኝ፣ አቁሚም ቀጥይም ያለኝ ሰው የለም።

አሜሪካ ያለችው እህቴ ባለፈው ስትመጣ ምራቅ የሚተፋበት የዘር ምርመራ ዕቃ ይዛልኝ መጣች። ተፋሁበት፣ ይዛው ተመለሰችና ላከችው። ውጤቱ ሲመጣ ሌላ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ጫነችውና ረጅም ዝርዝር ወጣ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ እያለ። ኤምቲኤችኤፍአር የሚባለው ጂን 677 ላይ ሁለቱም ቅጂ ተቀይሯል ይላል፣ እሱ ቀይ ነው። ሲቢኤስ የሚባለው ደግሞ 699 ላይ አንዱ ቅጂ ተቀይሯል፣ ቢጫ። ከሥሩ ያለው ማብራሪያ «የሜታይሌሽን ችግር አለብሽ፣ ሲቢኤስሽ ከመጠን በላይ ስለሚሠራ ሰልፈር ሰውነትሽ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ሰልፈር ያለበትን ምግብ አቁሚ» ነው የሚለው። ሰልፈር ያው ድኝ ነው። እኔ ግሳቴን ሳስበው ወዲያው አመንኩት። ሽታው ከዚያ የመጣ መሰለኝ።

ከዚያ ጀመርኩ። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ እንቁላል ቆመ። ቀጥሎ ሥጋና ወተት። ቀጥሎ ምስር። እናቴ በርበሬ ስታዘጋጅ ነጭ ሽንኩርት ስለምትጨምርበት በርበሬም ቀረ፣ ሽሮውም እንደዚያው። አሁን የምበላው እንጀራ በድንች፣ ሩዝ፣ ካሮትና ሙዝ ነው። እናቴ «ልጄ፣ ከበሽታው በፊት ረሃቡ ነው የሚጥልሽ» ትለኛለች። ሳህኑን ስታቀርብልኝ ዓይኗ እንባ ያቀራል። 6 ኪሎ ቀንሻለሁ።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሆዴ ቀለል ብሎኝ ነበር። መነፋቱ ቀንሶ ነበር። ድካሙ ግን ባሰ፣ ድንዛዜውም አልሄደም፣ ግሳቱ ደግሞ ይጠፋል ይመጣል። እህቴ ሽንት ውስጥ የሚነከር የሰልፌት መለኪያ ወረቀት ልካልኛለች። ጠዋት ጠዋት ስነክረው ሁሌም 1200 ላይ ነው፣ ከ800 በላይ መጥፎ ነው ተብሏል። ምንም ሳልበላ ከየት ይመጣል?

ደግሞ አንድ ነገር አለ፣ ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። ሁለተኛ ልጅ መውለድ እንፈልጋለን። ገጹ «ፎሊክ አሲድ ላንቺ መርዝ ነው፣ ሜቲል ፎሌት ብቻ ውሰጂ» ስለሚል ጀምሬው የነበረውን ፎሊክ አሲድ ተውኩት። ሜቲል ፎሌት (የዚሁ ቫይታሚን ሌላ ዓይነት ነው) ደግሞ እዚህ ፋርማሲ ጠይቄ አላገኘሁም።

ይህን አመጋገብ የሞከረ አለ? ልቀጥል ወይስ ልተው? ግራ ገብቶኛል።


ቦርከና፣ ኮምቦልቻ

አብሽሪ እህቴ። ሞክሬዋለሁ፣ አራት ወር ሙሉ። የጂን ምርመራ አላደረግኩም፣ ኢንተርኔት ላይ አንብቤ ራሴን መርምሬ ነው የገባሁበት። እንዳንቺው ሆዴ ይነፋ ነበር፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ሳቆም ተሻለኝ፣ «በቃ ሰልፈር ነው» አልኩ።

በኋላ አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋር ስሄድ ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር። «እንቁላል ስትበላስ ይነፋሃል?» አለኝ። አላውቅም፣ አብሬ ስላቆምኩት ሞክሬው አላውቅም። እስቲ ለብቻው ሁለት ቅቅል እንቁላል ብላና ተመለስ አለኝ። በላሁ። ምንም አልሆንኩም። እንቁላል እኮ ሰልፈሩ ብዙ ነው! ነገሩ ሌላ ነበር። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ፍሩክታን የሚባል የስኳር ዓይነት አለ፣ ትንሹ አንጀት አይፈጨውም፣ ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ሲወርድ ባክቴሪያ ያፈላዋል፣ ጋዙ ከዚያ ነው። ስንዴም ውስጥ አለ። ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ምሳ ሽንኩርቱ የበዛ ወጥ እየበላሁ የሚነፋኝ ለዚህ ነበር። አንቺም ሁለት ሳምንት የተሻለሽ በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

አሁን ምን አደርጋለሁ መሰለሽ፣ ባለቤቴ ነጭ ሽንኩርቱን ሳትከትፍ በዘይት ታቁላላውና ታወጣዋለች። ፍሩክታን ዘይት ውስጥ አይሟሟም፣ ጣዕሙ ግን ይቀራል። ቀይ ሽንኩርቱንም ትንሽ እበላለሁ። ምስር፣ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ሁሉንም መልሻለሁ። ያንን አራት ወር ሳስበው ይቆጨኛል፣ ልጆቼ ፊት የሚበላ ነገር ሁሉ በሽታ እንደሆነ አድርጌ ሳወራ ነበር የከረምኩት።


መምህር፣ ደሴ

የማስተምረው ባዮኬሚስትሪ ነው፣ ሐኪም አይደለሁም። ስለ ጂኑ ብቻ የማውቀውን ላስረዳሽ፣ ምክንያቱም ያ ቀይና ቢጫ ቀለም በከንቱ አስደንግጦሻል።

ሜታይሌሽን ማለት አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ያለው ትንሽ ቁራጭ ከአንዱ ሞለኪውል ወደ ሌላው ሲተላለፍ ነው። በየሴላችን ውስጥ ሳያቋርጥ ይካሄዳል። ጂኖች ሲከፈቱና ሲዘጉ፣ አድሬናሊን ሲሠራ፣ ክሬቲን ሲሠራ ይህ ቁራጭ ያስፈልጋል። ቁራጩን የሚያድለው ሳም የሚባል ሞለኪውል ነው። ሳም ከምን ይሠራል? ከሜቲዮኒን። ሜቲዮኒን ደግሞ ሰልፈር ያለበት አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መሥሪያ) ነው፣ ከምግብ ካላገኘነው ሌላ ምንጭ የለንም። እህቴ፣ ይህን ደግመሽ አንብቢው። ሰልፈር ያለበትን ምግብ ሁሉ የተወ ሰው ሜታይሌሽኑ የሚሠራበትን ጥሬ ዕቃ ነው የተወው። «ለሜታይሌሽን ብለሽ ሰልፈር አቁሚ» የሚለው ምክር የሚጋጨው ከራሱ ጋር ነው።

ሳም ቁራጩን ከሰጠ በኋላ የሚቀረው ሆሞሲስቲን ይባላል። ሆሞሲስቲን ዋና ዋና ሁለት መንገዶች አሉት። አንደኛው ተመልሶ ሜቲዮኒን መሆን ነው፣ ለዚህ ፎሌት (ፎሊክ አሲድ በክኒን የሚሰጠው ዓይነቱ ነው) እና ቢ12 የሚባሉ ቫይታሚኖች ያስፈልጋሉ፣ ፎሌቱን ለዚህ ሥራ የሚያዘጋጀው ኤምቲኤችኤፍአር ነው። ሁለተኛው ወደ ሲስቲን መውረድ ነው፣ ይህን የሚጀምረው ሲቢኤስ ነው፣ ቢ6 ይፈልጋል። ከሲስቲን ግሉታታዮን ይሠራል፣ ሴሎቻችንን ከጉዳት የሚጠብቀው እሱ ነው። ትርፉ ሰልፌት ሆኖ በሽንት ይወጣል።

አሁን ወደ ውጤትሽ። ኤምቲኤችኤፍአር 677 ሁለቱም ቅጂ የተቀየረ ሰው በጂኑ የሚሠራው ኢንዛይም (ሥራውን የሚያከናውነው ፕሮቲን) ከመደበኛው ወደ 30 በመቶ ገደማ ነው የሚሠራው። ይህ እውነት ነው፣ ቀላል አይደለም። ግን በዓለም ላይ እንዲህ ያለው ሰው እጅግ ብዙ ነው፣ ፎሌት በደንብ እስካገኘ ድረስ ደግሞ ሆሞሲስቲኑ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። ይህ የተቀየረው ኢንዛይም በተለይ ቢ2 ሲያንሰው ይደክማል፣ ቢ2 ሲያገኝ ደግሞ ይጠናከራል። ቢ2 ደግሞ በወተትና በእንቁላል በብዛት ይገኛል። ፎሌትስ የት ነው? ጎመን፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ቆስጣ። እስቲ ያቆምሽውን ዝርዝር መልሰሽ እዪው! ጂንሽ ይበልጥ የሚፈልጋቸውን ምግቦች አንድ በአንድ አውጥተሽ ጥለሻል። ሰውነት ያጠራቀመው ፎሌት የሚያቆየው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው፣ ሁለት ወሩን ደግሞ ጨርሰሻል።

ሲቢኤስ 699ን በተመለከተ ያ የፊደል ለውጥ ፕሮቲኑን አይቀይረውም። በፊትም በኋላም የሚጻፈው አሚኖ አሲድ ያው ታይሮሲን ነው። «ከመጠን በላይ ይሠራል፣ ሰልፈር ያጠራቅማል» ለሚለው የሚያበቃ ነገር የለም።

እውነተኛ የሲቢኤስ ሕመም ግን አለ። ሆሞሲስቲኑሪያ ይባላል፣ በ1962 ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው። እዚያ ኢንዛይሙ አይሠራም ወይም በጣም ጥቂት ነው የሚሠራው። የዓይን ሌንስ ከቦታው ይንሸራተታል፣ እጅና እግር ይረዝማል፣ ደም ይረጋል፣ የልጁ አእምሮ ሊጎዳ ይችላል። ሆሞሲስቲናቸው ብዙ ጊዜ ከ100 በላይ ነው፣ መደበኛው ከ5 እስከ 15 ሆኖ ሳለ። ለእነሱ ሜቲዮኒን መቀነስ ሕክምና ነው፣ ያውም የተለየ የአሚኖ አሲድ ዱቄት እየተሰጣቸው፣ ደማቸው በየጊዜው እየተለካ። የእነዚያ ልጆች ምግብ ነው ተቆርጦ አንቺ ገበታ ላይ የመጣው።

ስለ ሽንቱ ወረቀት «ምንም ሳልበላ ከየት ይመጣል» ብለሻል። 6 ኪሎ ቀንሰሻል አይደል? ሰው ሲቀጥን ጡንቻውም ይፈርሳል፣ ጡንቻ ውስጥ ደግሞ ሜቲዮኒንና ሲስቲን አለ። ከፊሉ ከራስሽ ነው የሚመጣው። በዚያ ላይ የጠዋት ሽንት የተጠራቀመና የወፈረ ነው፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጥተሽ ብትነክሪው ቁጥሩ ይወርዳል። ያ ወረቀት ውሃ ለመመርመር የተሠራ ነው።

ሽሮ በእንጀራስ? ጥራጥሬ ላይሲን የሚባል አሚኖ አሲድ አለው፣ ሜቲዮኒኑ ትንሽ ነው። እህል በተቃራኒው ላይሲኑ ትንሽ ነው። አብረው ሲበሉ አንዱ የሌላውን ይሞላል። እናትሽ ይህን ሳትማር ታውቀዋለች፣ ሽሮዋን ብዪላት።


ሮቢት

በመምህር ሐሳብ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። እኔ ሰልፈር የሌለበት ምግብ ከጀመርኩ ወዲህ ሽፍታዬ ጠፍቷል። ሐኪም ቤትም ካርዴ ላይ «ሰልፋ አለርጂ» ተብሎ በቀይ ተጽፏል። ስለዚህ ሰልፈር የማይስማማው ሰው አለ፣ ሰውን ተስፋ አታስቆርጡ።


ፋርማሲስቷ፣ ደሴ

ሮቢት ወንድሜ፣ መሻልህ ደስ ይላል፣ ግን የካርድህን ነገር በደንብ ለይተህ ያዝ፣ አንድ ቀን ሕይወትህን የሚያድን ነገር ነው። ሰልፋ ማለት መድኃኒት ነው፣ ለምሳሌ ኮትሪሞክሳዞል። እሱን ወስዶ ያበጠ ወይም ቆዳው የተላጠ ሰው እንደገና መውሰድ የለበትም፣ ለማንኛውም ሐኪምና ፋርማሲ ቀድሞ መናገር አለበት። ነገር ግን የሰልፋ አለርጂ ከሽንኩርትና ከእንቁላል ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር የለም። ሌላም አለ፣ ሰልፋይት ይባላል፣ ወይንና የደረቁ ፍራፍሬዎች እንዳይበላሹ የሚጨመር ማቆያ ነው፣ ዕቃው ላይ ከኢ220 እስከ ኢ228 ባለው ቁጥር ይጻፋል፣ አንዳንድ አስም ያለበትን ሰው ደረቱን ያፍነዋል። ሦስቱም ስማቸው ስለሚመሳሰል ሰው ይደባልቃቸዋል። ኮትሪሞክሳዞል የቱ፣ ነጭ ሽንኩርት የቱ!

አሁን ወደ አንቺ የሙጋዷ። ጽሑፍሽን ሳነብ ፎሊክ አሲዱ ላይ ስደርስ ደነገጥኩ። እባክሽ ዛሬውኑ መልሰሽ ጀምሪው። የሕፃኑ አከርካሪና አንጎል የሚሆነው ቱቦ የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ውስጥ ነው። ብዙ ሴት በዚያ ጊዜ ማርገዟን እንኳ አታውቅም። ስለዚህ ፎሊክ አሲዱ ቀድሞ ሰውነት ውስጥ መኖር አለበት፣ በቀን 400 ማይክሮ ግራም፣ ከማርገዝ ቢያንስ አንድ ወር በፊት ጀምሮ። ከዚህ በፊት ይህ ቱቦ ሳይዘጋ የቀረበት (የአከርካሪ ክፍተት ያለበት) ልጅ የወለደች እናት ግን መጠኑ 4 ሚሊ ግራም ነው፣ እሱን ሐኪም ነው የሚያዘው።

ኤምቲኤችኤፍአር ያለበት ሰው ፎሊክ አሲድ አይጠቀምም የሚለው ስህተት ነው። እንዳንቺ ሁለቱም ቅጂ የተቀየረባቸው ሰዎች እኩል ፎሊክ አሲድ ወስደው በደማቸው የሚገኘው ፎሌት ከሌላው የሚያንሰው በ16 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ይህን የአከርካሪ ክፍተት እንደሚከላከል የተረጋገጠለት ደግሞ ፎሊክ አሲድ ነው። ሜቲል ፎሌት ለዚህ ተፈትኖ አልተረጋገጠም። ርካሹና እዚሁ ያለው ነው የተረጋገጠው፣ ውዱን ፍለጋ አትድከሚ። በአገራችን በዚህ ችግር የሚወለዱ ልጆች ብዙ ናቸው፣ በሥራዬ አጋጥመውኛል፣ እናቶቻቸውንም አይቻለሁ፣ ለዚህ ነው እንዲህ አጥብቄ የምጽፍልሽ።

ሌላው ኦሜፕራዞሉ ነው፣ የጨጓራ አሲድን ይቀንሳል። የጨጓራ አሲድ ቢ12ን ከምግብ ፕሮቲን ለማላቀቅ ያስፈልጋል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቢ12 ሊቀንስ ይችላል። የእግር ጣት ድንዛዜ ስትዪ መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነው። ያዘዘልሽን ሐኪም ጠይቂ፣ እስከ መቼ በዪው። ቢ12 ሳይለካ ፎሊክ አሲድ ብቻ በብዛት መውሰድም ጥሩ አይደለም፣ የደም ማነሱን ይሸፍነውና ነርቩ ውስጥ ውስጡን ይጎዳል። ስለዚህ ሁለቱን አብረሽ አስቢ። የቢ1 ቢ6 ቢ12 መርፌ ውጊኝ ብለሽም ዝም ብለሽ አትሂጂ፣ ከምርመራው በፊት ከተወጋሽ የቢ12 ቁጥሩ ውሸት ይሆናል። ቢ6 ራሱ በከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ያደነዝዛል።


የማይክሮስኮፕ ሰው፣ ኮምቦልቻ

ላብራቶሪ ነው የምሠራው። ሁላችሁም ስለ ጂንና ቫይታሚን ጻፋችሁ፣ አንድ ነገር ግን ያለፋችሁት ይመስለኛል። እህቴ፣ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት ግሳት፣ መነፋት፣ ድካም፣ ይመጣል ይሄዳል። ይህን ስሰማ እኔ ወዲያው የማስበው ጃርዲያ ነው! ሰገራ ተመርምረሽ ታውቂያለሽ?

ጃርዲያ ትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የሚኖር በዓይን የማይታይ ተውሳክ ነው። ምግብ እንዳይመጠጥ ያደርጋል፣ ቢ12ንም ጭምር። ሽታው የሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፣ አዎ ሰልፈር አለበት፣ ግን ከጂንሽ አይደለም የሚመጣው። አንዳንዱ ሰው ወራት ይዞት ይቆያል። ችግሩ አንድ ቀን ሰገራ ሰጥተሽ «የለም» ቢባል የለም ማለት አይደለም። ተውሳኩ በየቀኑ እኩል አይወጣም። በተለያዩ ቀናት ሦስት ጊዜ ስጪ፣ ትኩስ ሆኖ ይድረሳቸው። ቤት ያለውን የተረፈ ፍላጂል ቀድመሽ እንዳትውጪ፣ ምርመራውን ያበላሽብሻል።

ከደም ደግሞ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ ቢ12፣ ፎሌት ካለ ፎሌት፣ የታይሮይድ ምርመራ፣ የኩላሊት። የደም ቆጠራው ላይ ኤምሲቪ የሚለውን እዪ፣ የቀይ ሴሉ መጠን ነው፣ ከ100 ካለፈ ቢ12 ወይም ፎሌት ያጠረ ሊሆን ይችላል። ብረትም አብሮ ካጠረ ግን ቁጥሩ መሐል ላይ ሆኖ ያታልላል። ደሴ ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ደግሞ የሄሞግሎቢን (ኦክስጅን የሚሸከመው የቀይ ሴል ፕሮቲን) ቁጥርሽ ብዙውን ጊዜ ከቆላ ሰው ከፍ እንዲል ይጠበቃል፣ 12 ነው ደህና ነሽ ብትባዪ ይህን አስታውሺያቸው።

ሆሞሲስቲን ልታሠሪ ከሆነ ጥሩ ምርመራ ነው፣ ጂንሽ የሚያደርገውን ነገር ከጂኑ ይልቅ የሚነግርሽ እሱ ነው። ግን ደሙ ከተቀዳ በኋላ ፈሳሹ ከሴሎቹ ሳይለይ ከቆየ ቀይ ሴሎቹ ሆሞሲስቲን መልቀቃቸውን ይቀጥላሉ፣ በየሰዓቱ ወደ 10 በመቶ ይጨምራል። ናሙናው ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ «በበረዶ ትይዙታላችሁ? ቶሎ ትለዩታላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ካልሆነ በውሸት ከፍ ያለ ቁጥር ይዘሽ ሌላ ጭንቀት ትጀምሪያለሽ። ቁርስ ሳትበዪ ሂጂ።

ልጅሽንም አስመርምሪ፣ ሆዷን ካመማት።


የሙጋዷ፣ ደሴ

ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው የተመለስኩት። ቃል በቃል ያላችሁትን ነው ያደረግኩት።

የሰገራው የመጀመሪያው ቀን «ምንም የለም» ተባለ። የማይክሮስኮፕ ሰው ባይነግረኝ እዚያው አቆም ነበር። ሁለተኛውም የለም። ሦስተኛው ላይ ጃርዲያ ተገኘ። ልጄም ላይ ተገኘ፣ እሷ እኮ ምንም አላመመችም ነበር፣ አልፎ አልፎ ሆዴን ትላለች እንጂ። ለሁለታችንም መድኃኒት ታዘዘ፣ ለእኔ ቲኒዳዞል በአንድ ጊዜ የሚወሰድ። በአምስተኛው ቀን ያ ሽታ ጠፋ። ከዓመት በላይ አብሮኝ የኖረ ሽታ በአምስት ቀን! ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ቢ12ም ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ፣ 160 ነው፣ ከ200 በታች ዝቅተኛ ነው አሉኝ። ሐኪሟ የሁለት ወር አመጋገቤ ብቻውን ይህን አያመጣም፣ ጉበት የሚያስቀምጠው ለዓመታት ይበቃል፣ ምናልባት ጃርዲያውና ኦሜፕራዞሉ ተደምረው ነው አለችኝ። ኦሜፕራዞሉን ቀስ በቀስ እንዳቆም አደረገች፣ የቢ12 መርፌም ጀምሬያለሁ። ድንዛዜው ገና አልለቀቀኝም፣ ወራት ሊፈጅ ይችላል ተብያለሁ። ድካሙ ግን ቀንሷል። ባለፈው ሳምንት ከፒያሳ ቤቴ ድረስ በእግሬ ዳገቱን ወጣሁ።

ሆሞሲስቲኑን አላሠራሁም፣ የጠየቅኩት ቦታ በረዶ የሚባል ነገር የለንም አሉኝ፣ ስለዚህ ተውኩት። ፎሊክ አሲዱን ግን በዚያው ቀን ነው የጀመርኩት። ሐኪሟ ቢ12 እስኪስተካከል እርግዝናውን ትንሽ አቆዩት ብላናለች።

መምህር፣ እርስዎ የጻፉትን ለእህቴ ላኩላት። መጀመሪያ ተከፋች፣ ገንዘቧን አውጥታ ለእኔ ብላ ያደረገችው ነገር ነው፣ አውቃለሁ። ሁለት ቀን ዝም አለችኝ። ከዚያ ደወለችና «እኔም ራሴ እንቁላል ካቆምኩ ዓመት ሆነኝ» አለችኝ። ቢ12ሽን ተለኪ አልኳት።

እናቴ ሽሮ ሠራችልኝ። ነጭ ሽንኩርቱን ለሁለት ሳምንት ያህል ቀንሺ ብያት እንደ ቦርከና በዘይት አቁላልታ አወጣችው። አንድ እንጀራ ሙሉ ጨረስኩ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ወተት ስጠጣ እንደገና ይነፋኛል፣ ሽታ የለውም፣ ግን ይጮሃል። ጃርዲያው ተመለሰ ማለት ነው?


የማይክሮስኮፕ ሰው፣ ኮምቦልቻ

አልሐምዱሊላህ! በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ወተቱን በተመለከተ የግድ ተመለሰ ማለት አይደለም። ጃርዲያ የአንጀትን ግድግዳ ስለሚጎዳ የወተት ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም ለጥቂት ሳምንታት ይቀንሳል። እርጎ ወይም አይብ ሞክሪ፣ ይሻላል። ወር ካለፈው ወይም ያ ሽታ ከተመለሰ ሰገራሽን እንደገና አሠሪ።

ውሃሽን ደግሞ አስተውዪ፣ አለዚያ እንደገና ይይዛችኋል። ክሎሪን ጃርዲያን በደንብ አይገድለውም። አፍልታችሁ ጠጡ። እዚህ ኮምቦልቻ ከ2000 ሜትር በታች ስለሆንን ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃናል፣ እናንተ ደሴዎች ግን ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላላችሁ ሦስት ደቂቃ አቆዩት። የልጅሽን ትምህርት ቤት ኮዳም ከዚያው ሙዪላት።


የሙጋዷ፣ ደሴ

ሦስት ደቂቃ። እሺ ወንድሜ፣ ማንቆርቆሪያው አሁን ተጥዷል።